ባለ ቮልሱና ካሜራቸው

ጡረታ የሚለውን ቃል ወጣት ሠራተኛ ሲሰማው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ገና የተቀመጠ ሰው ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጋብቻ ያስባል እንጂ፣ ስድሳ ዓመት በሞላው ማግስት ጧት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከቶ አያስብም። እኛም ከዚሁ ወገን ነን። ይሁን እንጂ ደመወዛችንን ለመቀበል ባንክ ቤት በሄድን ቁጥር ጡረተኞችን ስለምናገኝ፣ ነገሩን ቀረብ ብለን ልንመለከተው ወደድን።

እውነቱን ለመናገር ያየነው ሁሉ የሚያስደስት አልነበረም። አንዳንዱ ጡረተኛ ሥራውን ከለቀቀ ከዓመታት በኋላ እንኳ ክራቫቱን አስሮ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ ዘበኛው ካወቀው ያስገባዋል፤ አዲስ ዘበኛ የተተካ እንደ ሆነ ግን «ማንን ፈለጉ?» ተብሎ በር ላይ ይቆማል። ሌላው ቀኑን በሙሉ በቡና ቤት በረንዳ ተቀምጦ «እኔ በነበርሁበት ጊዜ» እያለ ይተርካል። ሠላሳና አርባ ዓመት ከፋይል በቀር ምንም ሳይወዱ የኖሩ ሰዎች፣ ፋይሉ ሲወሰድባቸው እጃቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል አንድ ሽማግሌ ዓይናችንን ሳቡት። ካፖርታቸው ንጹሕ፣ ጫማቸው የተወለወለ ሲሆን በጥፍራቸው ሥር ግን የሞተር ዘይት ጥቁረት ይታያል። በትከሻቸው ላይ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ያለ ከባድ ካሜራ አንግተዋል። ሌላው ሰው ስለ ሰልፉ መርዘም ሲያጉረመርም እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ እየተመለከቱ በመንገዱ ዳር የቆመች አንዲት አሮጌ ፔዦ ያደንቁ ነበር። ተዋወቅናቸው፤ ቡና ጠጡ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግመን ሄድን። ስማቸውን እንዳንጽፍ ለምነውናል። «መኪናዋን ጻፏት፤ እኔን ተዉኝ» ነው ያሉት። ስለዚህ በሰፈራቸው ልጆች አጠራር ባለ ቮልሱ እንላቸዋለን።

ባለ ቮልሱ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ በእርሳስና በማስመሪያ፣ ኋላም በኮምፒዩተር፣ የሌላ ሰው ሕንፃና ድልድይ ሲነድፉ ኖሩ። ቤታቸው ጉለሌ ነው። በግቢው ውስጥ ከመኖሪያ ቤቱ ይልቅ በጥንቃቄ የተሠራው የመኪናዋ ቤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ቁልፎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ በቅደም ተከተል የተሰቀሉበት ነው።

በዚያ ውስጥ የምትኖረው በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተሠራች ቮልስዋገን ናት፤ የሞተሯ ዓይነት ሺህ ሦስት መቶ የሚባለው፣ ቀለሟም ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። በ1972 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ገዟት። የገዙበትን ዋጋ በነገሩን ጊዜ ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ስለ ሳቁ፣ የቁጥሩን ትክክለኛነት አንመሰክርም።

ቮልስን ለማያውቅ ወጣት ጥቂት ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነውና ስኮርታው ያለው በፊት በኩል ነው። ራዲያተር የላትም፤ ውሃ አትጠጣም፤ የሚያበርዳት ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚነዳው ማራገቢያ በአንዲት ቺንጋ ይዞራል፤ ዲናሞውንም የምታዞረው ይህችው ቺንጋ ናት። ስለዚህ ቺንጋዋ የተበጠሰች እንደ ሆነ በፊት ለፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ነጂው ያን ጊዜውኑ ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። «ብዙ ሰው ቀዩን መብራት የባትሪ ነው ብሎ ነድቶ ቤቱ ሊደርስ ይሞክራል» ይላሉ ባለ ቮልሱ፤ «ቤቱ ይደርሳል፤ ሞተሩ ግን አብሮት አይደርስም።» መስተዋቱን የሚያጥበው ውሃ እንኳ የሚረጨው በስኮርታው ጎማ ውስጥ ባለው አየር ግፊት ነው። ይህን ብልሃት ሲያሳዩን እንደ ሕፃን ደስ ይላቸዋል።

የዚህች መኪና ዘር በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ነው። በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከቤተ መንግሥት የወጡት በስንት ታላላቅ አውቶሞቢሎች መካከል ተመርጣ በቀረበች በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። ባለ ቮልሱ ያኔ የሃያ ጥቂት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ሌላ ሰው ስለ መንግሥት ሲያወራ እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ያቺ መኪና በመጨረሻ የት ደረሰች?»

ለመሆኑ የመኪና ፍቅር የያዛቸው ከየት ነው? በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዛወር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕለት ነጂዎች ሁሉ እንደ ለማጅ በፍርሃት ሲያዘግሙ ለማየት ከጓደኞቻቸው ጋር ቸርችል ጎዳና ዳር ሲቆሙ እንደ ዋሉ ያስታውሳሉ። መንገዱ ባለበት እያለ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ጎኑን ሲለውጥ ማየት ለልጅ ትልቅ ትዕይንት ነው። አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አንዲት መኪና በረሃውን አሻግሮ ባመጣ ጊዜ ስለ ነበር፣ እነዚያ ልጆች በመንገድ ዳር ሲቆሙ አውቶሞቢል በከተማችን ገና ስድሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

አሁን የባለ ቮልሱን አንድ ቀን እናሳይ። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣሉ። ፊታቸውን ታጥበው ወደ መኪናዋ ቤት ይገባሉ፤ የኋላውን ኮፋኖ ከፍተው የዘይቱን ልክ ይመለከታሉ፤ ቺንጋዋን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ፤ ከዚያም ሞተሩን ያስነሣሉ። የቮልስ ድምፅ ከሌላው ልዩ ስለ ሆነ ጎረቤት ሁሉ ሰዓቱን የሚያውቀው በእርሷ ነው፤ ተማሪዎች በዚያ ድምፅ ይነሣሉ። ከቁርስ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳሉ። እዚያ የፈረሰ መኪና ሁሉ ብልቱ ተለይቶ ስለሚሸጥ፣ ካንዴላ ወይም ፑንቲና ወይም ፍሬቻ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። እዚህ ላይ ጣልቃ ገብተን አንድ ነገር እንበል። የጋራዥ አማርኛ ገና ያልተጻፈ መዝገበ ቃላት ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ እያለ የሚናገር መካኒክ ጣልያንኛ እንደሚናገር አያውቅም፤ ጣልያን ቢሰማውም ላይገባው ይችላል። ከቋንቋ ተማሪዎች አንዱ ይህን ለመመረቂያ ጽሑፉ ቢይዘው ምን ይለዋል?

በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ የዕድር ጉዳይ አለ፤ ዳማ አለ፤ አንዳንድ ቀንም የሰፈር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። የሚመጡት ፎቶግራፍ ለመነሣት ነው። በለቅሶ ቤት የሟች ምስል ከፊት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመታወቂያ ወረቀት ላይ ተቀንጥቦ የጎላ፣ የደነገጠ ፊት ይሆናል። ስለዚህ ያወቁበት ጎረቤቶች ቀደም ብለው መጥተው «ለዚያች ቀን የምትሆን አንድ ጥሩ አንሣኝ» ይሏቸዋል። ባለ ቮልሱም ከጽጌረዳው ፊት ለፊት በበርጩማ አስቀምጠው፣ ልጃቸው በሰጠቻቸው አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ ያነሷቸዋል። ገንዘብ አይቀበሉም። አንዲት እናት ከተነሡ በኋላ ምስላቸውን አይተው «ይህስ ለዚያች ቀን አያስቸኩልም፤ ለአሁኑም ይሆናል» ብለው በሳሎናቸው እንደ ሰቀሉት ነገሩን።

ነገር ግን ዋናው ካሜራቸው ያ በባንክ ቤት ያየነው ነው። ዜኒት ይባላል፤ የሶቪየት ኅብረት ሥራ ነው። በ1975 ዓ.ም. ከሞስኮ ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ አንድ ወዳጃቸው ገዙት። እንደ ቮልሷ ሁሉ ይኸም የማይሞት ብረት ነው፤ የብርሃን መለኪያው ባትሪ አይፈልግም፤ ብርሃኑ ራሱ ሲያርፍበት መርፌውን ያንቀሳቅሰዋል።

በዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ሥራ የፎቶ ቤቶች ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብና ሌሎችም ባለ ስቱዲዮዎች ሙያውን አቆይተውታል። ለግል ደስታው ብሎ ካሜራ የሚይዝ ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ፊልም ውድ ነው፤ ማጠቢያው ውድ ነው። የንድፍ ሠራተኛ ደመወዝ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ባለ ቮልሱ ለራሳቸው አንድ ሕግ አወጡ፦ በአንድ እሑድ አንድ ምስል ብቻ። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ምስል ይይዛልና ለሠላሳ ስድስት እሑድ፣ ማለትም ለስምንት ወር ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ይበቃቸዋል።

የሚያነሡትም አንድ ነገር ነው፤ በመንገድ ላይ ያለች መኪና። ሕዝቡ ገና ሳይወጣ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በፒያሳ ወይም በለገሃር ወይም በሜክሲኮ አደባባይ ይቆሙና አንዲት መኪና ይመርጣሉ። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ሴይቼንቶ ታክሲዎች በዚህ መዝገብ ውስጥ አሉ። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባቸው ውይይት የተባሉት አሉ። ላዳዎች አሉ፤ በመጀመሪያ አዲስና አንጸባራቂ ሆነው፣ ኋላ ደግሞ በራቸው በሽቦ ታስሮ። አንበሳ አውቶቡስ አለ። አንዱን ምስል ብዙ ጊዜ ተመለከትነው። ከጀርባው «እሑድ ግንቦት 18 ቀን 1983» ተብሎ ተጽፏል፤ የደርግ መንግሥት ከመውደቁ ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው። ሰፊው መንገድ ባዶ ነው፤ አንዲት ፊያት ብቻ በጎማዋ ተንበርክካ ቆማለች። ሌላ ምንም የለም። የዚያን ሳምንት ሁኔታ ያን ያህል የነገረን መጽሐፍ አላነበብንም።

ከ1975 ዓ.ም. እስከ ዛሬ እሑዶቹን ብንቆጥራቸው ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ። ሁለት ሺህ የሚያህለው ኔጋቲቭ በብስኩት ቆርቆሮዎች ውስጥ በዓመት በዓመት ተለይቶ ተቀምጧል። ክረምት ሲመጣ እርጥበት እንዳያበላሸው በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ የመሰለ የተቆላ ሩዝ አብሮ ይቀመጣል። ባለ ቮልሱ በየሦስት ወሩ ቆርቆሮዎቹን ከፍተው ያሸታሉ፤ አሮጌ ፊልም መበላሸት ሲጀምር የኮምጣጤ ሽታ ያወጣልና። አንዱ ቆርቆሮ ማሽተት እንደ ጀመረ በነገሩን ጊዜ ስለ ታመመ ሰው የሚናገሩ ነበር የመሰለን። ይህን የመሰለ ሀብት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም በቤተ መዛግብት ቢቀመጥ ይበጃል የሚል ሐሳብ አለን፤ ለእሳቸውም ነገርናቸው። «ልጆቼም እንዲሁ ይላሉ» ብለው ወሬውን ወደ ካርቡራተር መለሱት።

ፊልሙን የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው። በሌሊት የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ይሸፍናሉ። የማጠቢያው ውሃ ሃያ ዲግሪ ሙቀት እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ለዚህ የአዲስ አበባ አየር ምስጋና ይግባውና ማሞቅም ማብረድም ብዙ አያስቸግርም። ፊልሙን ዛሬ የሚልክላቸው ዋሽንግተን ያለው ወንድ ልጃቸው ነው። ልጁ በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ «አባዬ፤ ስልክህ እኮ ካሜራ አለው» የሚል ወረቀት ይጨምራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ባለ ቮልሱ እንደ ልማዳቸው ስምንት ወር የቆየውን ፊልም አጠቡ። በፊልሙ ላይ የነበረው ተራ እሑድ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በየካቲትና በመጋቢት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በየእሑዱ እየሄዱ፣ ባለቤቶቹ ዕቃ የሚጭኑባቸውን መኪናዎች ከእንጨት በረንዳዎቹ ጋር አንሥተው ነበር። ፊልሙ ደርቆ ወደ ብርሃን ሲያዩት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ደህና ናቸው። ከአሥረኛው በኋላ ጥቂት ይለሰልሳል። ከሃያኛው በኋላ ያለው ሁሉ፣ ፒያሳም ጭምር፣ ከጭጋግ ማዶ የተነሣ ይመስል ነበር።

በመጀመሪያ የጠረጠሩት ሌንሱን ነው። ሄሊዮስ የተባለውን ሌንስ ፈትተው አጸዱ። ቀጥሎ ፊልሙን ወቀሱ። ቀጥሎም ልጁ በላከው ጥቅል አየር ማረፊያ ላይ የሚደረገውን ፍተሻ ከሰሱ። ሚስታቸው ግን ከሩቅ ሆነው ነገሩን ያውቁት ነበር። «የልጆቼ አባት ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል፤ እኔ ዝም አልኩ» አሉን። ለምን ዝም አሉ ብለን ብንጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መንጃ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ሄዱ። ፈቃድ ሲታደስ የዓይን ምርመራ አለ። በግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች በግራ ዓይናቸው እስከ መካከል ድረስ አነበቡ፤ በቀኙ ግን ከትልቁ በቀር ምንም አላዩም። መርማሪዋ ወጣት ሐኪም ነበረች። በእርጋታ፣ «አባቴ፤ የዓይን ሞራ ነው፤ ይታከማል። እስኪታከሙ ግን አይነዱም» አለቻቸው። ባለ ቮልሱ ወጥተው የመኪናቸውን ቁልፍ ለአንድ ለሚያውቁት መካኒክ ሰጡና እሳቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቤታቸው ገቡ። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ በገዛ መኪናቸው የኋላ ወንበር ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። «ወንበሩ ጠባብ መሆኑን ያን ቀን ዐወቅሁ» አሉ።

የዓይን ሞራ በአገራችን ብርቅ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ በዕድሜ ብዛት እየደፈረሰ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ይህን የደፈረሰ ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ይህን ያህል የቀለለ ከሆነ በዚያው ሳምንት ለምን አልታከሙም? እኛም ይህንኑ ጠየቅን። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «በቀኝ ዓይኔ ነው በካሜራው ውስጥ የማየው። ያ ዓይን ቢበላሽ በምን አያለሁ?»

ስለዚህ ዘጠኝ ወር ፈሩ። በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ ቮልሷ ከግቢ አልወጣችም፤ በየጧቱ ግን ሞተሯ ይነሣ ነበር። የእሑዱን ምስል ግን አላቆሙም። የጎሕ ብርሃን ደካማ ስለ ሆነ የሌንሱ ዓይን በሰፊው መከፈት አለበት፤ ሲከፈት ደግሞ ርቀቱን በጥንቃቄ በዓይን ማስተካከል ግድ ይሆናል። ይህ ለእሳቸው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ በዓይን ፈንታ ሒሳብ አመጡ። ፀሐይ በደመቀች ሰዓት የሌንሱን ቀዳዳ በመጨረሻው ጥበት፣ በአሥራ ስድስት ላይ አድርገው፣ ርቀቱን ሰባት ሜትር ላይ ከገጠሙት፣ ከሦስት ሜትር ተኩል ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከመኪናዋ አጠገብ ቆመው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ አሥር የሽማግሌ እርምጃ ሰባት ሜትር ነውና። ከዚያም ዞረው ያነሣሉ። የዚያን ዓመት ምስሎች ከሌሎቹ የሚለዩበት ምልክት ይኸው ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የጧት ጥላ የነበረበት መዝገብ በድንገት የቀትር ፀሐይ ይሆናል።

በዚሁ መካከል አንድ ወጣት ነጋዴ መጣ። ለሙሽሮች የሚከራዩ አሮጌ መኪናዎችን ይሰበስባል። ለቮልሷ ያቀረበው ገንዘብ የብዙ ዓመት ጡረታቸውን የሚያክል ነበር። በቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። የዋሽንግተኑ ልጅ በስልክ «ሽጣት» አለ። ሴቷ ልጅ «ከሸጣት ጧት ለምን ይነሣል?» አለች። ልጆቹም ሁለቱም ልክ ናቸው ብለን እናምናለን፤ የማትነዳ መኪና ገንዘብ ትበላለች፤ በተጨማሪም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለ ወሰነ፣ ወጣቱ ነጋዴ «ነገ የቤንዚን መኪና የሚጠግን አይገኝም» እያለ ያስፈራራ ነበር። ባለ ቮልሱ በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ ቂም የላቸውም። እንዲያውም ባለፉት ዓመታት ምስሎቻቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። ለምን እንደሚያነሷቸው ስንጠይቅ «አሮጌ ሲሆኑ ማን ያነሣቸዋል? ያኔ እኔ የለሁም» አሉ።

ነገሩን የቆረጠችው ያቺ ወጣት ሐኪም ናት። ባለ ቮልሱ ሁለተኛ ሊጠይቋት በሄዱ ጊዜ የሰው ሠራሹን ሌንስ ታሪክ አጫወተቻቸው። በጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ ስብርባሪው በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ሲቀር ዓይኑ እንደ ባዕድ ነገር እንዳልተቆጣው አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም አስተዋለ፤ ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው ይህ ሰው በኅዳር ወር 1942 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ ከተተ። ባለ ቮልሱ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ለሰባት ቀን አስበው በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ተኙላት። «የመኪና መስተዋት ሲሰነጠቅ አውጥተን አዲስ እናስገባ የለምን? እኔ ይህን ሳላውቅ ዘጠኝ ወር እንደ ፈራሁ ለማንም እንዳትነግሩ» አሉን፤ ኋላ ግን ጻፉት ብለው ፈቀዱ።

በማግስቱ መሸፈኛው ተነሣላቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ መኪናዋ ቤት ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተከተላቸው። በሩ ሲከፈት ባለ ቮልሱ ቆመው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ በግራ በኩል ያለውን የፊት ፓራፋንጎ በጣታቸው አመለከቱ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቆማ ሳለች አንድ ሚኒባስ ፍቆት ስለ ነበር፣ ያን ፓራፋንጎ ቀለሙን ራሳቸው መርጠው አስቀብተውት ነበር። የዓይን ሞራ ዓለሙን ቢጫ በመሰለ ጭጋግ ስለሚሸፍነው ሰማያዊን ከሰማያዊ መለየት ያስቸግራል። የመረጡት ቀለም ከመኪናዋ ጋር አንድ ይመስላቸው ነበር፤ በእውነቱ ግን ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ፓራፋንጎ በየጧቱ ሲወለውሉ ሚስት፣ ልጆች፣ መካኒኩ፣ ጎረቤቱ፣ የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ልዩነቱን ያያሉ፤ አንድም ሰው አልነገራቸውም።

«ሁላችሁም ታዩ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሚስታቸው «በጣም ደስ ብሎህ ነበራ» አሉ።

አሁን የግራው ዓይን ተራውን ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መንጃ ፈቃዱ ምርመራ ይመለሳሉ። ወጣቱ ነጋዴ ስልክ መደወሉን አልተወም፤ ባለ ቮልሱም ስልኩን ማንሣት አልተዉም፤ የሚያወሩት ግን ስለ ካርቡራተር ነው። የእሑዱ ምስል እንደ ገና ወደ ጎሕ ሰዓት ተመልሷል። ፓራፋንጎው እንደ ገና ይቀባ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ቤተ ሰቡ አልተስማማም። ባለፈው ጊዜ ስንጠይቃቸው ባለ ቮልሱ፣ ቀለሙ ከመለወጡ በፊት የመኪናዋን ምስል ለመዝገቡ አንሥቼ ላስቀር ብለው ካሜራቸውን አዘጋጁ። ሚስታቸው ከበረንዳው ሆነው ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ልዩነቱ እንደማይታይ አስታወሷቸው። ባለ ቮልሱ ካሜራውን ዝቅ አድርገው ጥቂት አሰቡና፣ የዚያን እሑድ ምስል እሷኑ አነሡ።